የጻፋችሁት የት አለ?

ለአዲስ አንባቢዎች የተዘጋጀ የሬዲዮ ንግግር፤ በጽሑፍ የቀረበ

ዛሬ የምንነጋገረው በቤት ውስጥ ስላለ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚሠራ ሁሉን በአንድ ቀን ልንነግራችሁ አንችልም፤ አያስፈልግምም። የምንነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ይኸውም በኮምፒዩተር የጻፋችሁት ነገር የት እንደሚቀመጥና እንዳይጠፋባችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ አንድ ዕድር አለ እንበል። አባላቱ 60 ናቸው። እያንዳንዱ አባል በወር 50 ብር ያዋጣል። ሁሉም ከከፈለ በወር 3,000 ብር ይሰበሰባል ማለት ነው። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ አንዲት እናት ናቸው። እኒህ እናት ማንበብና መጻፍ የተማሩት ልጆቻቸውን ካሳደጉ በኋላ ነው። ልጃቸው ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ ቤት ውስጥ አስቀምጧል። እርሳቸውም የአማርኛ አጻጻፉን ከልጃቸው ተማሩ። አንድ ቀን ማታ የወሩን ከፋዮች ስም ከነገንዘቡ እየለቀሙ ጻፉ። ከ60 አባላት 53ቱ ከፍለዋል። 53 ጊዜ 50፣ 2,650 ብር። አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀባቸው። «በኮምፒዩተር ከጻፍኩት ደብተር ምን ያደርጋል?» ብለው በደብተሩ ላይ አልገለበጡትም።

የመጨረሻውን ስም ጽፈው ሳይጨርሱ መብራት ጠፋ።

መብራቱ በማግሥቱ መጣ። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ጽሑፉ የለም። እሑድ የዕድሩ ስብሰባ ነው። ዳኛው «መዝገቡን ያቅርቡልን» አሉ። «ጽፌ ነበር፤ ጠፋብኝ» ሲሉ ጉርምርምታው ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ገንዘቡ በእጃቸው አለ፤ ግን የማን ከፍሎ የማን እንዳልከፈለ የሚያሳይ ነገር የለም። አንዱ «ከፍያለሁ» ይላል፣ ሌላው «እኔም» ይላል። ዕድር ደግሞ በእምነት የቆመ ነገር ነው። ቀባሪ ያጣ ቤት እንዳይኖር ሰው ከጉሮሮው ነጥቆ ነው የሚያዋጣው። ደግነቱ የደረሰኙ ጥራዝ ቀሪ ነበር። ቀሪዎቹን ቆጠሩ፤ 53 ሆነ። ስሙም እምነታቸውም ተመለሰ። ቢሆንም እንደገና ሁለት ሰዓት መጻፍ ግድ ሆነ።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ጽሑፍ የት ሄደ?

የመሠረተ ትምህርት ክፍልን አስታውሱ። አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ይጽፋል። ሁላችንም እናየዋለን። ነገር ግን ሰሌዳው ሲጠረግ ያ ጽሑፍ አይገኝም። የሚቀረው እኛ በደብተራችን የገለበጥነው ብቻ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በየቀበሌው ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ደብተሩን ረስቶ የመጣ ሰው እቤቱ ይዞት የሚሄደው ነገር አልነበረውም።

ኮምፒዩተርም እንዲሁ ሰሌዳና ደብተር አለው። አሁን የምትጽፉትን የሚይዘው ክፍል ሰሌዳው ነው። ፈጣን ነው፤ ግን የሚሠራው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩ በተቋረጠ ቅጽበት ይጠረጋል። ደብተሩ ደግሞ ዲስክ የሚባለው ነው። ዲስክ ላይ የተጻፈ መብራት ቢጠፋም፣ ኮምፒዩተሩ ወር ሙሉ ቢዘጋም ይቆያል። ከሰሌዳው ወደ ደብተሩ መገልበጥ «ሴቭ ማድረግ» ይባላል። በዐይናችሁ ፊት መስታወቱ ላይ ስላያችሁት ብቻ ተቀምጧል ማለት አይደለም። እኒያ እናት ሁለት ሰዓት የጻፉት ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ደብተሩ ላይ አንድ ፊደል እንኳ አልገባም ነበር።

አሁን አደራረጉን እንንገራችሁ። ኪቦርዱን ተመልከቱ። በስተግራ፣ ከታች ጥግ «ኮንትሮል» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ባጭሩ በሦስት ወይም በአራት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎበታል። እሱን በአንድ ጣት ተጭናችሁ ያዙ። ሳትለቁት «ኤስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ጊዜ ንኩና ሁለቱንም ልቀቁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ኮምፒዩተሩ «ስሙ ማን ይባል? የትስ ላስቀምጠው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ስም ሰጥታችሁ «ሴቭ» የሚለውን ትነካላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን አይጠይቃችሁም፤ ዝም ብሎ በዚያው ስም ይገለብጣል።

መቼ መቼ? አንዳንድ ሰው ጽፎ ሲጨርስ ነው የሚያስቀምጠው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ገና ሳትጀምሩ፣ ባዶውን ወረቀት ስም ስጡና አስቀምጡት። ከዚያ አምስት ስም በጻፋችሁ ቁጥር ሁለቱን ቁልፎች ንኩ። እጅ ሲለምድ ጣት ራሱ ያደርገዋል፤ እንጀራ ጋጋሪ ሳታስብ ምጣዱን እንደምታሰስ ማለት ነው።

ወርድ የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም፣ ማንም ካልለወጠው፣ ሳይታዘዝም በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ይይዛል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተስፋ አትቁረጡ። ፕሮግራሙን መልሳችሁ ክፈቱት። በጎን በኩል የተረፈ ጽሑፍ ካለ ዘርዝሮ ያሳያችኋል። የቅርቡን ሰዓት የያዘውን ክፈቱና ወዲያው ሴቭ አድርጉት። ነገር ግን ባለቀው ሰዓት የጻፋችሁት ላይገኝ ይችላል። 10 ደቂቃ ለአዲስ ጸሐፊ ብዙ ነው፤ ስንት ስም ይጻፍበታል!

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጽሑፉን ስትዘጉ ኮምፒዩተሩ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ ሦስት መልስም ይሰጣችኋል። ችግሩ ሦስቱም በእንግሊዝኛ መጻፋቸው ነው። አማርኛ ማንበብ የተማረ ሰው እዚህ ሲደርስ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ያገኘውን ይነካል። ሦስቱ እነዚህ ናቸው። «ሴቭ» ማለት አስቀምጥልኝ ነው። «ዶንት ሴቭ» ማለት አታስቀምጥ፣ ጣለው ነው። «ካንስል» ማለት ተወው፣ ወደ ጽሑፌ መልሰኝ ነው። በሦስቱ መካከል ግራ ከተጋባችሁ «ካንስል»ን ንኩ። እሱ ምንም አያጠፋም። ልጆቻችሁን «እነዚህን ሦስቱን በአማርኛ በወረቀት ጻፉልኝ» በሏቸውና ወረቀቱን መስታወቱ ጥግ ላይ ለጥፉት። ይህን ማድረግ አያሳፍርም።

ሌላም አለ። እየጻፋችሁ ሳለ በድንገት ጽሑፉ ሁሉ ቢጠፋ፣ ምናልባት ሳታውቁት አንድ ቁልፍ ነክታችሁ ይሆናል። ኮምፒዩተሩን አትዝጉ፤ ሌላ ነገርም አትንኩ። ኮንትሮልን ይዛችሁ «ዜድ» የሚለውን ፊደል ንኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል።

ስም አሰጣጥ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩ ራሱ ባወጣው ስም ይተወዋል። «ዶክመንት 1»፣ «ዶክመንት 2»፣ «ዶክመንት 3»... ከስድስት ወር በኋላ የትኛው የዕድር፣ የትኛው የልጅ ትምህርት ቤት እንደሆነ ማን ያውቃል? ስሙ ነገሩን የሚናገር ይሁን። «የዕድር መዋጮ ኅዳር» ብትሉት ማንም ያገኘዋል። በአማርኛ ፊደል መሰየም ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። እኛ ኢትዮጵያውያን በእዝባር ማሳጠር እንወዳለን፤ «ወ/ሮ»፣ «ዓ/ም»፣ «ት/ቤት» እንላለን። ዊንዶውስ የተባለው ሥርዓት በፋይል ስም ውስጥ እዝባርን አይቀበልም። «ወይዘሮ» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፤ ወይም እዝባሩን ተዉት። በጽሑፉ ውስጥ ግን እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት፤ ክልክል የሆነው በስሙ ላይ ብቻ ነው።

ስለ መብራት ካነሳን አይቀር የምጣዱን ነገር እንናገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዋት በታች ነው። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ መሰካት ዝሆንንና ጥጃን በአንድ ቀንበር መጥመድ ነው። ሽቦው ይግላል፣ ኃይሉ ይወርዳል፣ ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፤ ከዚያም የባሰ ቃጠሎ ሊነሳ ይችላል። ምጣዱ የራሱ ሶኬት ይኑረው። መብራት ሲጠፋም የኮምፒዩተሩን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉ። ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ ሰኩት። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ቢጠፋ ወዲያው አይጠፋም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ግን የራሱ ባትሪ የለውም። ያገለገለ ስትገዙ የላፕቶፑ ባትሪ ማርጀት አለማርጀቱን ለማወቅ ሻጩ ፊት ገመዱን ነቅላችሁ እዩ። ወዲያው ከጠፋ ባትሪው ሞቷል፤ እንደ ጠረጴዛው ኮምፒዩተር ቁጠሩት።

እንግዲህ ወደ ፊደላችን እንምጣ። በፊደል ገበታችን 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ተደርድረዋል። 33 ጊዜ 7፣ 231 ማለት ነው። ኪቦርዱ ላይ ይህን ያህል ቁልፍ የለም። ታዲያ እንዴት ይጻፋል? በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች አሠራሩ እንዲህ ነው። «ኤል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ስትነኩ «ል» ይወጣል። ቀጥላችሁ «ኤ»ን ስትነኩ ያው «ል» ተለውጦ «ላ» ይሆናል። በ«ኤ» ፈንታ «ዩ»ን ብትነኩ «ሉ» ይሆናል፤ «አይ»ን ብትነኩ «ሊ»፣ «ኦ»ን ብትነኩ «ሎ»። «ለ» ስትፈልጉ ከ«ኤል» ቀጥሎ «ኢ»ን ነው። «ት» በ«ቲ» ይጻፋል፤ «ጥ» ግን «ሺፍት» የሚባለውን ቁልፍ ይዞ «ቲ»ን በመንካት ነው። በሁለት ጣት የምትጽፉ ከሆነ መጀመሪያ የራሳችሁን ስም ሃያ ጊዜ ጻፉ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይቀላል።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የሚጠይቁት ነገር። «ቤት ሆኜ ጥሩ አድርጌ ጽፌ፣ ለማተም ስወስደው ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆነ» ይላሉ። ወይም የማይነበብ የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ይመጣል። ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። በድሮ ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። አንዱ «ሀ» ያለውን ሌላው በሌላ ያነበዋል፤ ሰዎች ሳይስማሙ በየራሳቸው ቁና እንደሚሰፍሩ ነበር። በኋላ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ፊደላችንን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ «ሀ» ቁጥሯ 4608 ነው። «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥላል። «ለ» 4616 ነው። በዚህ መዝገብ የተጻፈ ኮልፌም ይነበባል፣ ዋሽንግተንም ያለች የልጃችሁ ልጅ ታነበዋለች።

ስለዚህ ጽሑፋችሁ የፈረንጅ ፊደል ሆኖ ከመጣ የተጻፈው በድሮው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ባዶ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚታተምበት ኮምፒዩተር የፊደላችን ቅርጽ አልተጫነበትም ማለት ነው። ጽሑፋችሁ አልጠፋም፤ አትደንግጡ። ለዚህ ቀላሉ መድኃኒት ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጽሑፉን በ«ፒዲኤፍ» ዓይነት ጭምር ማስቀመጥ ነው። ፒዲኤፍ የፊደሉን ቅርጽ አብሮ ይዞ ይሄዳል። «ፋይል» ከሚለው ውስጥ «ሴቭ አዝ» የሚለውን ትመርጣላችሁ፤ ከዓይነቶቹ ዝርዝር ፒዲኤፍን ትነካላችሁ። የመጀመሪያውን ግን አታጥፉ። ፒዲኤፍ ለማረም አይመችም፤ ለማንበብና ለማተም ነው።

ከቤት ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ጽሑፉን የምትወስዱት በፍላሽ ነው። ፍላሹን ሰክታችሁ ጽሑፉን ስትገለብጡ፣ ቤት ያለው በቤት ይቀራል፣ ፍላሹ ላይ ሌላ ቅጂ ይኖራል። «ኮፒ» እና «ካት» የሚባሉትን ለዩ። ኮፒ መገልበጥ ነው፤ ካት ቆርጦ መውሰድ ነው። በካት ከወሰዳችሁት ቤት ምንም አይቀርም፤ ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ቢወድቅ ሁሉም አብሮ ሄደ። ፍላሹን ስትነቅሉም ዝም ብላችሁ አትምዘዙት። መጀመሪያ «ኢጀክት» የሚለውን ንኩና ኮምፒዩተሩ «ንቀሉት» ሲል ንቀሉ። አለበለዚያ ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ ሊቀር ይችላል።

ጽሕፈት ቤቱ ስትደርሱ ልጁን አክብሩት፤ ብዙ ሰው ያስተናግዳል። ነገር ግን ጽሑፋችሁን እሱ ኮምፒዩተር ላይ ገልብጦ ካተመው፣ ስትወጡ «የኔን ወረቀት ከዚህ አጥፋልኝ፤ ከቆሻሻ ቅርጫቱም አውጣው» በሉት። ያጠፉት ፋይል መጀመሪያ የሚገባው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ባለው ቅርጫት ነው፤ እዚያ ሆኖ ማንም ሊያወጣው ይችላል። በተለይ የመታወቂያችሁ ፎቶ፣ የቤት ካርታ ወይም የባንክ ደብተር ቁጥር ያለበት ከሆነ ይህን ሳታደርጉ አትውጡ። የጥሬ ገንዘብ ቦርሳ ጠረጴዛ ላይ ትቶ የሚሄድ ሰው የለም። የሚስጥር ቁጥራችሁን ደግሞ ለማንም፣ ለጽሕፈት ቤቱ ልጅም ቢሆን አትንገሩ፤ ለማተም አያስፈልገውም።

ብዙ ፍላሽ ከሚሰካበት ቦታ ቫይረስ ይጋባል። ቤት ተመልሳችሁ ፍላሹን ስትሰኩ ጽሑፎቻችሁ ጠፍተው ቀስት ያለባት አንዲት ምልክት ብቻ ብታዩ አትንኳት። ያ ቫይረሱ ነው። ጽሑፎቻችሁ ብዙ ጊዜ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። እዚህ ላይ አንድ ቃል አስታውሱ፤ «ፎርማት»። አንድ ሰው «ፎርማት ላድርግልዎ» ቢላችሁ፣ ፎርማት ማለት ፍላሹን ባዶ ማድረግ መሆኑን እወቁ። «መጀመሪያ ጽሑፎቼን አውጣልኝ፤ ከዚያ እናያለን» በሉት። የሚያውቅ ሰው የተደበቀውን ሊያወጣው ይችላል።

በመጨረሻ ወደ ዕድሩ እንመለስ። ያች ገንዘብ ያዥ አሁን እንዴት ቢያደርጉ ይሻላል? በእኔ እምነት ደብተሩን አይጣሉት። ኮምፒዩተሩ ለመደመርና ንጹሕ አድርጎ ለማተም ደግ ነው። ደረሰኙና ደብተሩ ደግሞ መብራት አያስፈልጋቸውም። ማታ ማታ በኮምፒዩተር ይጻፉ፤ አምስት ስም በሞላ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስን ይንኩ፤ ሲጨርሱ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ በወሩ መጨረሻ አንድ ወረቀት አትመው ዳኛውና ጸሐፊው ይፈርሙበት። ፍላሹን ከኮምፒዩተሩ ጋር በአንድ ቦታ አያኑሩት፤ ሌባ ቢገባ ሁለቱንም ይወስዳልና።

ለሚቀጥለው ንግግራችን የምትሠሩት ልምምድ ይህ ነው። የሰፈራችሁን ስም፣ የልጆቻችሁን ስምና የዛሬውን ቀን በሦስት መስመር ጻፉ። «የመጀመሪያ ጽሑፌ» ብላችሁ ሰይማችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ነገ ማለዳ ማንም ሳይረዳችሁ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱት። ካገኛችሁት አራተኛ መስመር ጨምሩበት፤ ካላገኛችሁት ደግሞ ማታ የጻፋችሁት ሰሌዳው ላይ ቀርቶ ነበርና እንደገና ሞክሩት።